ሰው ምን አይቶ ያገባል?

ጥቅምት 4 ቀን

ለውድ አጎቴ፣

ጤናና ሰላም ከደጅዎ አይራቁ፤ እጅዎ የነካው ሁሉ ይባረክ፤ የማሽኑ እንፋሎትም ወገብዎን ያፍታታው እንጂ አያድክመው። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ "ለምን አታገባም ብለሽ ጻፊለት" ብላኛለች። ይኸው ጻፍኩ። ከዚህ በታች ያለው የራሴ ጉዳይ ነው።

ዘንድሮ የመመረቂያ ጽሑፌን ካላስረከብኩ ዩኒቨርሲቲው በሩን ራሱ ከፍቶ የሚያስወጣኝ ይመስለኛል፤ ኮስታራዋ አማካሪዬም አትምረኝም። ርእሴ፣ ሰው የትዳር ጓደኛ ሲመርጥ ምን ያስቀድማል የሚል ነው። አይሳቁ፤ ባዮሎጂ ነው። አንዱ አገር መልክ ይቀድማል፣ ሌላው አገር ሀብት፣ ሌላው ደግሞ ጠባይ። "ባህል ነው" ብሎ ማለፍ ይቻላል። ባህሉስ ከየት መጣ? በዝግመተ ለውጥ የሚያጠኑት ሰዎች እንዲህ ይላሉ፤ አንድ ዘር ጥላ ውስጥ ሲበቅል ቀጥኖ ይረዝማል፣ ፀሐይ ላይ ሲበቅል አጥሮ ይወፍራል፤ ዘሩ ግን ያው ነው። የሰውም ተፈጥሮ አንድ ነው፤ ኑሮው ነው የተለያየ ጎኑን የሚያወጣው። በሽታ የሚበዛበት አገር ሰው የጤና ምልክት ስለሚፈልግ መልክ ላይ ያተኩራል ይላሉ። ሴት የራሷ ገቢ በሌላት አገር ባለሀብት ባል ይመረጣል። ወንድ በሚበዛበት ወንዱ ጭምት ይሆናል፤ ሴት በምትበዛበት ዓይኑ ይቅበጠበጣል።

ይህን ለመመርመር ከብዙ አገር የመጡ ሰዎች ያስፈልጉኛል። እኔ ያለኝ አንድ ወንበር፣ ግማሽ ጠረጴዛና የሚያፈስ መስኮት ነው። ሌላውን ግማሽ ጠረጴዛ የያዘው አንድ የስታትስቲክስ መምህር ነው፤ ደረቅ ሰው፤ ሲያስነጥስ እንኳ የሚቆጥር ይመስለኛል። ትናንት እያሰብኩ ሳለ እርስዎ ትዝ አሉኝ። የሆቴላችሁ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ከአሥራ አንድ አገር የመጣ ሰው አለ ብለውኝ አልነበር?

እርስዎ ባሉበት አገር ቋንቋ የተዘጋጀ ሠላሳ ፎርም ልኬአለሁ። ስም አይጻፍበትም። ደግነት፣ መልክ፣ ሀብት፣ ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ጤና እያሉ በየተራው ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ ሌላ የሚፈልገው ያለው ከታች ይጨምር። አጎቴ፣ እባክዎ።

የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 9 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

እደጊ ተመንደጊ፤ ብዕርሽ አይድረቅ፤ ያቺ ኮስታራ አማካሪሽም ፊቷ ይፈታልሽ። አፍሽን ስትፈቺ መጀመሪያ ያልሽው ቃል "ለምን" ነበር፤ ቤተሰቡም "ለምን" ብሎ ጠራሽ። ይኸው ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ማኅተም "ለምን" እያልሽ ነው። ደግ አደረግሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሰኞ ነው። ሰኞ አራት መቶ አንሶላ ከፎቅ ወደ ምድር ቤታችን ስለሚወርድ ቀና የሚል ሰው የለም። ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ፎርሙን ሳወጣ የክፍላችን ኃላፊ መነጽሯን አድርጋ አየችውና "ይህ ሥራ ነው ወሬ?" አለችኝ።

"የእህቴ ልጅ ሳይንስ ነው" አልኳት።

"እንዲያ ከሆነ ለእኔም አንድ አምጣ" አለች።

ጉድ ፈላ ልጄ! እርሳስ ጠፋ። የፎጣ ክፍሉ ሴቶች ተሰብስበው ሲሳሳቁ ማድረቂያው ማሽን ጨርሶ ቢጮህ የሰማው የለም። ካፒቴን፣ ድሮ መርከብ ላይ ወጥ ቤት ይሠራ ስለነበር እንዲህ የምንለው ጓደኛዬ፣ እጁን ከልሎ እንደ ተማሪ ጻፈ። ስሰበስብ አየሁበት። "ወጣት፣ ቆንጆ፣ ዝምተኛ" ይላል። ይህ ሰው እኮ ስድስት ዓመት ሙሉ ምሳውን የሚበላው ከሆቴሉ ወጥ ቤት አትክልት ከታፊ ጋር ነው! በአምስት ዓመት ትበልጠዋለች፤ ስትስቅ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ትሰማለች። ስለዚህ ምክሬን ስሚ፤ ፎርምሽ የሰውን አፍ ነው የሚጠይቀው። እግሩ ወዴት እንደሚሄድ የሚታወቀው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ከፎርሙ ጋር ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ጽፌልሻለሁ።

ሃያ ሁለት ሰው ሞልቷል። አልሞላም ያለች አንዲት ብቻ ናት፤ የእንግዶችን ሸሚዝ በእጅ የምትተኩሰው፣ ባለ ካውያዋ የምንላት። ከሩቅ የብርድ አገር ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው፤ በዕድሜ እኩያዬ ናት። ወረቀቱን ገልብጣ አየችና "ዝርዝር የሚያዘው ገበያ ሲኬድ ነው" ብላ መለሰችልኝ። አልከራከርኳትም። ካውያ ከያዘ ሰው ጋር አልከራከርም።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 2 ቀን

ለውድ አጎቴ፣

እኔን እንዳስደሰቱኝ ደስታ ይዝነብልዎት! ፖስታውን ስከፍት ጮኬ ከጎረቤት ክፍል ሰው መጣ።

ከሃያ ሁለቱ አሥራ ሰባቱ አንደኛ ያደረጉት ደግነትን ነው። መጻሕፍቱም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ በአብዛኛው አገር ደግነት ከላይ ነው፤ ሰው የሚለያየው ከሁለተኛው ጀምሮ ነው። የእርስዎ የምሳ ሰዓት ማስታወሻ ደግሞ አማካሪዬን ከወንበሯ አስነስቷታል። ሰው እመርጣለሁ የሚለውና የሚመርጠው መለያየቱ ራሱን የቻለ ትልቅ ክርክር ነው። "አጎትሽ ምን ተምሯል?" አለችኝ። "አንሶላ" አልኳት።

መምህሩ ሃያ ሁለት ቁጥር ሳይሆን ትልቅ ቤተሰብ ነው ይላል። ቢሆንም ቢሮው እስኪዘጋ ቁጭ ብሎ አብሮኝ ደመረ። መስኮቱንም በካርቶን ደፍኖታል፤ አሁን የሚያፈሰው በእሱ በኩል ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርብዎት። እዚያ ያሉት ሰዎች ሁሉ ኑሯቸውን የለወጡ ናቸው። ምርጫን የሚወስነው ኑሮ ከሆነ፣ ኑሮው ሲለወጥ ምርጫውም መለወጥ አለበት። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁልኝ፦ "ከአገርህ ሳትወጣ ቢሆን ኖሮ ምን ትመልስ ነበር?"

ሌላም አለ። ፖስታውን ሦስት ጊዜ አራገፍኩት። የእርስዎ ፎርም የለም።

የእህትዎ ልጅ

ጥር 25 ቀን

ለውድ አጎቴ፣

ሰላምታዬ እግርዎ ሥር ይድረስ። ሁለት ወር ሊሞላ ነው፣ ደብዳቤ የለም። እሱ "ፖስታ ይዘገያል፤ የዘገየ ሁሉ አልተቀየመም" ይለኛል። እኔ ግን እማዬን ጠየቅኳት። ነገረችኝ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት የታጨችልዎት ልጅ እንደነበረች፣ ወረቀቷን ጨርሰው ሊያስመጧት ሲሉ ሌላ ሰው አግብታ እንደቆየችዎት፣ ዜናውንም በደብዳቤ የጻፈችልዎት እማዬ ራሷ እንደነበረች። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ያ ነገር ተነስቶ አያውቅም።

እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ? ቁስልዎን በፎርም ጠየቅኩ። ይቅር ይበሉኝ። አይሙሉት። ደህና ነኝ የምትል አንዲት መስመር ብቻ ይላኩልኝ።

የእህትዎ ልጅ

የካቲት 18 ቀን

ለእህቴ ልጅ ለለምን፣

ዓይንሽ እንባ አይልመድ። ማን ይቀየማል? እንኳን አንቺን፣ ማሽኑን እንኳ ሲያቃጥለኝ አልቀየመውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎርሙን ልሞላ ሦስት እሑድ ተቀምጬአለሁ። "ከአገርህ ሳትወጣ ምን ትመርጥ ነበር?" የሚለው ጋ ስደርስ እርሳሱ ይቆምብኛል። ያን ጊዜ ዝርዝር አልነበረኝማ፤ አንዲት ልጅ ነበረችኝ። እናትሽ የነገረችሽ እውነት ነው፤ ያልነገረችሽን ደግሞ እሷም አታውቀውም። ልጅቷ ጥፋት የለባትም። ሁለት ዓመት ተኩል ስትጠብቀኝ እኔ የምጽፍላት ስለ ሥራ ብቻ ነበር፤ ስንት አንሶላ እንዳጠብን፣ የትኛው ማሽን እንደተበላሸ። "ናፈቅሽኝ" ብሎ መጻፍ ያሳፍረኝ ነበር። ሰው ደግሞ ያልተነገረውን ከየት ያውቃል?

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኩት አንቺን ቢሆን በወደድኩ። ግን ባለ ካውያዋ ቀደመችሽ።

ሰፋፊዎቹ አንሶላዎች በማሽን አይታጠፉም። ከመተኮሻው ማሽን እየፋጁ ሲወጡ ሁለት ሰው ይይዛቸዋል፤ ሸሚዝ ሲያልቅ ባለ ካውያዋ ትመጣና አብረን እናጥፋለን። ተራርቀን እንወጥራለን፣ ተቀራርበን ጫፉን አቀብላታለሁ፣ እንደገና እንራራቃለን። በአርባኛው አንሶላ ላይ ይመስለኛል "ምን ሆነሃል?" አለችኝ። ነገርኳት። የምንነጋገርበት ቋንቋ የእኔም የእሷም አይደለም፤ ስንቀራረብ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ስንራራቅ ዝምታ። ስልሳ አንሶላ ፈጀ። ስጨርስ፣

"አሁንስ ናፈቅሽኝ ማለት ትችላለህ?" አለችኝ።

"ለማን?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" ብላ ወደ ካውያዋ ተመለሰች።

እስካሁን ይከነክነኛል። ባለ ካውያዋ የምትናገረው ጥቂት ነው፤ የተናገረችው ግን እንደተኮሰችው ሸሚዝ ነው፣ እጥፋቱ አይለቅም።

አሁን ወደ ሥራሽ። አዲሱን ጥያቄ ጠይቄአለሁ። በአገራቸው ሳሉ ሀብትን ሁለተኛ ያደርጉ እንደነበር የነገሩኝ ሴቶች ስምንት ናቸው። አሁን እንደዚያ የሚሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ከፎጣ ክፍል አንዷ "ደሞዜን በራሴ ስም መቀበል ከጀመርኩ ወዲህ ሀብታም ባል ምን ያደርግልኛል? ሳህን የሚያጥብ አምጡልኝ" አለች። ከወንዶቹ ግማሾቹ ዕድሜ ላይ ሐሳባቸውን ቀይረዋል። ካፒቴን ከተረፉት ፎርሞች አንዱን ወስዶ ያንኑ እንደገና ከጻፈ በኋላ "ዝምተኛ" የሚለውን በጥቁር ሰርዞታል፤ ከታፊዋ አይታው ይሁን አይታወቅም።

ደግሞ አንድ ነገር ታዝቤአለሁ። በጥቅምት "አንድ የስታትስቲክስ መምህር፣ ደረቅ ሰው" አልሽ። በታኅሣሥ "መምህሩ" ሆነ። በጥር "እሱ" ብቻ! ስምም፣ ሥራም፣ ምንም የለውም። ለምን? አሁን ጠያቂው እኔ ነኝ።

አጎትሽ

መጋቢት 10 ቀን

ለውድ አጎቴ፣

ዕድሜዎ ይርዘም፣ ጨዋታዎም አይለቅብን። ስለ እሱ የጻፉትን አላነበብኩትም። ያነበብኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

አማካሪዬ የስምንቱንና የሦስቱን ነገር ስታይ "ይህ ምዕራፍ ነው" አለች፤ እግዜር ያሳይዎት፣ ፈገግ አለች። ዘሩ ያው ሆኖ አፈሩ ሲለወጥ ቅጠሉ እንዴት እንደሚለወጥ ያሳያል። በእርግጥ ሁሉም አይስማማም። "ተፈጥሮን ምን አመጣው? ሴትና ወንድ ሥራ የተካፈሉበት መንገድ ነው" የሚሉ ምሁራን አሉ፤ የእርስዎ የፎጣ ክፍል ሴቶች ለእነሱም ይመሰክራሉ። ሁለቱንም ጻፊ ተብያለሁ። ጥቂት ሰው ስለሆነ ደግሞ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ጻፊው ተብያለሁ።

አሁን ተራው የእኔ ነው። ያለፈው ደብዳቤዎ ስድስት ገጽ ነው። ባለ ካውያዋ ያለችው በአራቱ ላይ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሚሆንበት ዕድል ከመቶ አንድ አይሞላም ብሎኛል፣ እሱ። መጻሕፍቴን ሁሉ አገላበጥኩ። እኩያዎ ናት፤ ሀብት የላትም፣ እርስዎም የለዎትም፤ አገር፣ ቋንቋ፣ ዘመድ የሚያገናኛችሁ ነገር የለም። አንዱም መጽሐፍ አይተነብያችሁም። እማዬ በበኩሏ "ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል፤ ይቺ ከየት ባሕር ናት?" ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ መልሴን ሳትጠብቅ "ብቻ ታገባው እንደሆነ ጠይቋታል ወይ?" አለች።

እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ጠይቀዋታል? ያለፈውን ጊዜ ያስቡ፤ ስለ ማሽን ብቻ እያወሩላት እንዳይሆን።

የእህትዎ ልጅ

ሚያዝያ 28 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ወልደሽ ሳሚ፤ የጠየቅሽው ሁሉ ይመለስልሽ። ቁጭ በይና አንብቢው፤ ቆመሽ የሚነበብ አይደለም።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ አንሶላ ሳጥፍ አፌ ተያዘ። በመጨረሻ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ካፒቴንን አማከርኩት። "በራሷ ቋንቋ ጠይቃት፣ ሴት ልብ የምትሰጠው በእናቷ ቋንቋ ነው" አለኝ። ቋንቋዋን ታውቃለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ መርከቡ በአገሯ ወደብ ስንት ጊዜ እንደቆመ ቆጠረልኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር አስተማረኝ። "ላግባሽ ወይ" ማለት ነው አለኝ። ዐሥር ቀን አጠናሁት፤ ሳሙና ስመዝን፣ ጋሪ ስገፋ፣ በአውቶቡስ ላይ። አንድ ሽማግሌ መቀመጫ ለቀውልኛል፤ አሞኝ መስሏቸው ይሆናል።

ሐሙስ ዕለት፣ የጠረጴዛ ልብስ ሲያልቅ፣ ፊቷ ቆምኩና አልኩት። ሁሉም ሥራውን ትቶ ወደ እኛ ዞረ። ካፒቴን ለካ ለሁሉም ነግሮ ኖሯል። እሷ ካውያዋን ቀጥ አድርጋ አቆመችና ዓይኔን እያየች፣

"ደሞዙ ስንት ነው?" አለች።

ለምን፣ ልቤ ከምድር ቤቱ በታች ሌላ ምድር ቤት ያለ ይመስል ወረደ። የእህቴ ልጅ መጽሐፍ እውነቱን ኖሯል፣ ሁለተኛው ሀብት ነው አልኩ በልቤ። መዋሸት ግን አልሆነልኝም። ደሞዜን ነገርኳት። አንድ ክፍል፣ አንድ ደህና ወንበርና አንድ የሚነቃነቅ ወንበር እንዳለኝም ነገርኳት።

"የሥራ ሰዓቱስ?" አለች።

"የምን የሥራ ሰዓት?"

"የዓመት ፈቃድ አለው?"

ይሄኔ ኃላፊያችን መቋቋም አቅቷት በሣቅ ፈነዳች። ካፒቴን ያስተማረኝ "ልቅጠርሽ ወይ" የሚል ኖሯል! ወደብ ላይ ሲሰማ የኖረው እሱን ነዋ፤ ሰው ወደ ወደብ የሚመጣው ሥራ ፍለጋ እንጂ ሚስት ፍለጋ አይደለም። እሷ የፎጣ ጋሪ ውስጥ ቁጭ ብላ ሣቀች። እንባዋን በእንግዳ ሸሚዝ እጅጌ ጠረገችና ሸሚዙ እንደገና ሊተኮስ ሆነ። እኔም ሣቅኩ፤ ጆሮዬ ግን እንደ ካውያው ግሎ ነበር።

ከዚያ ተነስታ ትክክለኛውን ቃል አስተማረችኝ። አንድ ጊዜ ደገምኩ፤ ራሷን ነቀነቀች። ሁለተኛ ደገምኩ፤ "ቀስ ብለህ" አለች። ሦስተኛ ስደግም "እሺ" አለች። እኔ አነጋገሬ ተስተካከለ ያለችኝ መስሎኝ አራተኛ ልደግም ስል ካፒቴን አፌን ያዘኝ።

ወደ አውቶቡሱ አብረን ስንሄድ ያንቺን ጥያቄ ጠየቅኳት። "ምን አይተሽ ነው?" አልኳት።

"አንሶላ ከማሽኑ ሲወጣ አንደኛው ጫፍ ያቃጥላል" አለች። "ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ጫፍ የምትይዘው አንተ ነህ።"

በእናትሽ እምላለሁ፣ እኔ አላውቀውም ነበር። እንዲሁ ነበር የምይዘው። በየትኛው መስመር እንደምትጽፊው አንቺ ታውቂያለሽ።

የከተማው መዝገብ ቤት ሄደን ፈርመናል። ምስክሮቹ ኃላፊያችንና ካፒቴን ናቸው፤ የከታፊዋ ሣቅ ደግሞ መዝገብ ጸሐፊውን ሁለት ጊዜ አሳስቶታል። በሐምሌ መጀመሪያ የአንድ ወር ፈቃድ ወስደን እንመጣለን። ለእናትሽ አንቺ አንብቢላት፤ እኔ እንዳልኩት አድርገሽ።

አጎትሽ

ግንቦት 20 ቀን

ለውድ አጎቴና ለአዲሷ ሙሽራ፣

ቤታችሁ ይሙቅ፣ ሣቃችሁ ጎረቤት ይቀስቅስ!

ለእማዬ አነበብኩላት። "ደሞዙ ስንት ነው" የሚለውን ሳነብ "ወይኔ ወንድሜን!" ብላ ተነሳች። "የዓመት ፈቃድ አለው" የሚለውን ሳነብ ተመልሳ ተቀመጠች። ጫፉን ትይዛለህ የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመችኝና ወደ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር። ከዚያ "የሚያርፉበት ክፍል ቀለም ያስፈልገዋል" አለች። ቀለም ቀቢው እዚህ ነው፤ የቀለሙን ዓይነት ሦስት ጊዜ አስቀይራዋለች።

ጽሑፌን ተከላክዬ አልፌአለሁ። ከፈታኞቹ አንዱ "በመጨረሻ ሰው ምን አይቶ ያገባል?" ብሎ ሲጠይቀኝ በየአገሩ ስላለው ልዩነት ሃያ ደቂቃ አስረዳሁ። ከዚያ ፎርሙ ላይ ባልነበረ ምክንያት የተጋቡ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ አልኩ። ኮስታራዋ አማካሪዬ ቀድማ አጨበጨበች።

እሱ ደግሞ በማግሥቱ አንድ ፎርም ሞልቶ በእኔ በኩል ባለው ግማሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝ። ዝርዝሩን ሁሉ ሰርዞ ከታች የእኔን ስም ጽፎበታል፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳይቆጥር። መልሴን በቃል ሰጥቼዋለሁ። በሐምሌ ታዩታላችሁ።

እማዬ አጠገቤ ናት። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው፤ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም።

"ለወንድሜ ሚስት። ሳላይሽ እህቴ ሆነሻል። ቋንቋሽን አላውቅም፤ እሱ ያንብብልሽ፤ ስለ ራሱ የተጻፈውን ሲዘል ካየሽው አስመልሰሽ አስነብቢው። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ነው። ሲርበው አይናገርም፣ ሲበርደው አይናገርም፣ ሲከፋው ጭራሽ አይናገርም። ስንት ዓመት ከአንድ ገጽ የማታልፍ ደብዳቤ ስቀበል ኖርኩ። ዘንድሮ ስድስት ገጽ ጻፈ። ምን እንዳደረግሽው ልጄ በሳይንስ ልታስረዳኝ ሞከረች፣ አልገባኝም። ብቻ አታቁሚ።

ክፍላችሁ መስኮቱ በፀሐይ መውጫ በኩል ነው። ብርድ ለምደሻልና ሙቀቱ ቢከብድሽ አልጋውን እናዞራለን። ስትደርሱ ደጅ ላይ ቆማ የምታለቅስ ሴት ብታዪ እኔ ነኝ። ደስ ብሎኝ ነው፤ እንዳትደነግጪ።"